ቡናው ሲጠጣኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቡና እኔን ሲጠጣኝ አየሁ። ሳቁ፤ ግድ የለኝም። ሰው እየሳቀብኝ መኖር የለመድኩት ነው።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ቡና የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። አባቴ "የዛር መጥሪያ ነው" ብሎ ቡናን ከደጃችን አያስደርስም ነበር። እኔም ጢሜ እስኪሸብት ድረስ አፌ ላይ ሳላደርስ ኖርኩ። አሁን የተከራየሁበት የእትዬ አጸደ ግቢ ግን የራሱ ሕግ አለው። ቡና በየቤቱ በተራ ይፈላል፣ ተከራይ ሁሉ ይጠራል፣ የተጠራ ይመጣል። እኔ "ይቅርብኝ" ያልኩ ቀን ሁሉም ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እትዬ አጸደ፣ የግቢው ባለቤት ናቸው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ "ይርዳው፣ እጃችንን ተጸይፈህ ነው ወይስ ጠርጥረኸን? አብሮን የማይጠጣ ሰው እንዴት አብሮን ያድራል?" አሉኝ። ንግግሩ ገባኝ። ክፍሌን ላለማጣት ስል ሲኒውን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። እጄ ይንቀጠቀጣል። ልቤ ዳገት እንደወጣች በቅሎ ይደልቃል። ሆዴ ይቃጠላል፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ስሮጥም የግቢው ሰው ሁሉ ያየኛል። ሌሊት ዓይኔ ቆርቆሮው ላይ ተሰክቶ ያድራል። ወፍጮ ቤት አብሮኝ የሚሠራው ዳምጤ፣ "ለጀማሪ እንዲህ ነው። በባዶ ሆድህ አትጠጣ። ቀጠን ያለውን ጠይቅ፣ ግማሽ ሲኒ ይብቃህ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትንካው" ብሎ መከረኝ። ምክሩ ምክር ነው። ነገር ግን ሌላው ተከራይ ከዚያው ጀበና የተቀዳውን ጠጥቶ እንደ ሕፃን ይተኛል። እኔ ብቻ ለምን? እትዬ አጸደ ደግሞ ናትናኤል የሚባል የእህት ልጅ አላቸው። ይኼ ልጅ ክፍል ይፈልጋል። የእኔን ሕመምና የእሱን ክፍል ፍለጋ ማገናኘት ያቃተው ካለ ከእኔም ያነሰ የተማረ ነው።

እንግዲህ ትናንት እንደ ምንም እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ራሴን ሲኒ ውስጥ አገኘሁት። ሲኒው ጋን ያህላል። ውስጡ ያለሁት እኔ፣ የሞላሁትም እኔ ነኝ፤ እስከ ጠርዙ ድረስ ይርዳው ብቻ። ቀና ስል ቡና ራሱ ጎረምሳ ሆኖ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ነው፣ አናቱ ይጨሳል፣ ክራቫት አስሯል። አጠገቡ ጆሮዋ የተሸረፈ አሮጊት ጀበና ቆማ ትቆጣጠረዋለች።

"ጠጣው እንጂ ልጄ፣ ምን ታሸተዋለህ?" አለችው።

"ይሸታል እማማ።"

"ምን ምን ይላል?"

"ቂም ቂም ይላል።"

"ሰው ነዋ! ሰው ምን እንዲሸት ፈለግህ? አፍንጫህን ይዘህ ዋጥ።"

አንዴ ፉት ሲለኝ ጆሮዎቼ ሄዱ። ሁለተኛ ሲለኝ ትከሻዬ ጎደለ። ከዚያ ጎረምሳው ሲኒውን ይዞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ አጠመቀው። "ልቤ! እማማ ልቤ! ልወድቅ ነው!" እያለ ጮኸ።

"ለጀማሪ እንዲህ ነው" አለች ጀበናዋ ረጋ ብላ። "ሰው በባዶ ሆድ አይጠጣም፤ ቆሎ ቅመስበት። ቀጠን ይደረግልህ። ግማሽ ሰው ይበቃሃል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰው አይነካም፤ እንቅልፍ ይነሳል።"

አናቴ ላይ ወተት ገለበጡብኝ። ወተቱ አልነበረም ያናደደኝ። እነዚህን ቃላት የት አገኟቸው? ዞር ብዬ ስመለከት ዳምጤ ረከቦቱ ላይ ከሲኒዎች መካከል ቆሞ ሌላ ሌላ ቦታ ያያል።

"ዳምጤ! አንተ ነህ የነገርካቸው?"

"የምን ዳምጤ? እኔ ስኳር ነኝ" አለኝ።

"ወፍጮ ቤት አብረን አይደለም እንዴ የምንውለው?"

"እኔ ሰዎች ሲያማስሉኝ ነው የምውለው" ብሎ ፊቱን አዞረ። አየሁ። ስኳር ከሆነ ኮፍያው ላይ የጤፍ ዱቄት ምን ይሠራል?

ወዲያው ጤና ጣቢያ ነበርን። እዚያ ሐኪሞቹ አግዳሚ ላይ ተሰልፈው እያሳሉ ተራ ይጠብቃሉ፣ በሽተኞቹ ጠረጴዛ ይዘው ይመረምራሉ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ጎረምሳውን ቡና አስጠራችው። እኔን በሲኒዬ ይዘውኝ ገቡ፤ እንደ ማስረጃ።

"ምን ጠጥቶ ነው?"

"ሰው" አለች ጀበናዋ።

"የታጠበ ነው ያልታጠበ?"

"ያልታጠበ ይመስለኛል።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ እታጠባለሁ!" ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም።

"ደረጃው?"

"ስድስተኛ ክፍል።"

ሴትዮዋ ምላሷን ወደ ላንቃዋ ስባ ጠ አደረገች። "እህ! ይኼማ ለውጭ አይላክ፣ ለአገር ውስጥም ተበጥሮ ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ይሰጣል? ሰው ካማራችሁ ለስለስ ያለ አታገኙም ነበር?"

በሕልም እንኳ ትምህርት ያቋረጥኩባትን ስድስተኛ ክፍል አይተዉልኝም። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን በክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት "ይርዳው፣ አንተ የመጣኸው ወንበር ለማሞቅ ነው" ያለኝን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ማን እንደነገራቸው ለማወቅ ዙሪያውን ቃኘሁ። ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ጠቀሰኝ። እሱም አውቋል።

ከጤና ጣቢያው በር ስንወጣ መንገዱ በቤቶች ተሞልቷል። ክፍሎች በደላላ ሰው ይፈልጋሉ። የኛ ከተማ ሰው ቤት ፍለጋ እንደሚንከራተት ሁሉ እዚያ ቤቶቹ ጣራቸውን እንደ ባርኔጣ አዘንብለው ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ በሰዎች ፊት ይቆማሉ፣ የሰዎቹን ግንባር ያንኳኳሉ፣ ብብታቸው ረጥቦ እንደሆነ ይዳስሳሉ። ከቤቶቹ መካከል የእኔን ክፍል ወዲያው ለየኋት። መስኮቷ ላይ የሰካሁት ካርቶን አለ። ከፊት ከፊቷ የሚመራት ደላላ ናትናኤል ነው። ማን ሊሆን ኖሯል?

ክፍሌ ሲኒዬ አጠገብ ቆማ በመስኮቷ ቁልቁል አየችኝ።

"ይኼኛው ያፈሳል?" ብላ ናትናኤልን ጠየቀችው።

"ክረምት ክረምት አፍንጫው ያፈሳል።"

"ጠባዩስ?"

"ዝም ይላል። ዝም ሲል ግን ይሰማል።"

"እኔ እኮ ነኝ፣ ይርዳው!" አልኳት። "ካርቶኑን የሰካሁልሽ እኔ አይደለሁ?"

"አውቄሃለሁ" አለችኝ ክፍሌ። "ብወስድህም አልጠላም። ግን ቡና ጠጥቶህ ታሟል ይባላል። የሚያሳምም ሰው አስገብቼ ግድግዳዬ ቢንቀጠቀጥስ? በድሮ ጊዜ ጠጅ አሳላፊ ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለም እንዴ? ያ ወግ ይፈጸምልኝ። አንድ ሰው በመዳፉ ይቅመስህና ምንም ካልሆነ ግባ። የሚቀምስህ ከጠፋ ግን ቦይ ውስጥ ትደፋለህ።"

ናትናኤል እጁን አጣጥፎ ፈገግ አለ። እኔ ሲኒ ውስጥ ሆኜ ቦዩን አየሁት። የሳሙና አረፋና የሽንኩርት ልጣጭ ይዞ ይወርዳል። በዚያ በኩል የወረደ ሰው ተመልሶ ሰው እንደማይሆን፣ በሕልም እንደሚታወቀው፣ ዝም ብዬ አወቅሁ።

"የሚቀምሰው አለ?" ብሎ ናትናኤል ጮኸ።

ታላቅ ወንድሜ መጣ። የልጁን ሠርግ ሲደግስ ሁሉም ዳስ ውስጥ ሲበላ እኔን ከሳህን አጣቢዎች ጋር ከጓሮ ያስቀመጠኝ ወንድሜ ነው። ሲኒው ውስጥ አየኝና ከንፈሩን መጠጠ።

"ጾም ላይ ነኝ" አለ።

"ዛሬ የምን ጾም ነው ጋሼ?"

"የአንተን ጾም ነው የያዝኩት። ከጀመርኩት ቆየሁ" ብሎኝ ሄደ።

አስተማሪው መጣ። እንደ ድሮው ጠመኔ ከጆሮው ጀርባ ሰክቷል። "ወንበሩን ጥሩት፤ የሚያውቀው ወንበሩ ነው" አለና ሳቀ፣ ሕዝቡም ሳቀ። ዳምጤን ለመንኩት።  "ወንድሜ፣ ስኳር ይቀመሳል እንጂ አይቀምስም፤ ሕጉን አታስጥሰኝ" አለኝ።

ናትናኤል ሲኒውን ብድግ አድርጎ ወደ ቦዩ ማዘንበል ጀመረ። እግሬ ከጠርዙ ወጣ። በዚህ ጊዜ፣ "ኧረ ተዉ! ኧረ በሕግ!" የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ አጸደ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው እየሮጡ ሕዝቡን በክርናቸው ከፈሉት።

"ሰው እንዴት ይደፋል? ምን ዓይነት ጉድ ነው! አንተ፣ አስቀምጠው! እኔ እቀምሰዋለሁ።"

መዳፋቸውን ዘረጉ።

 ክፍሌ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች። አልጋዬ ታየኝ፤ ብርድ ልብሱ ተገልጦ እየጠበቀኝ ነው። ከእኔ የሚፈለገው ጠብ ማለት ብቻ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እኔ ሕዝብ ከፍሎ የመጣ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ግን ማሰብ ጀመርኩ።

"መዳፍዎን ያሳዩኝ" አልኳቸው።

"ይኸው አየኸው።"

"የግራውንስ?"

"ይኸው።"

"ነጠላዎ ጫፍ ላይ የተቋጠረው ምንድነው?"

"የቤት ቁልፍ ነው ልጄ። ቶሎ በል፣ እጄ ዛለ።"

"ለምን ቸኮሉ? ወንድሜ እምቢ ያለውን፣ ዘመድ የተጸየፈውን ሰው እርስዎ ምን አገባዎትና ነው የሚቀምሱት?"

"ስለማውቅህ ነዋ ይርዳው።"

"ምኔን ነው የሚያውቁት? ማን ነገረዎት?"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ክፍሌ፣ "ጠብ በል እንጂ፣ በሬን ንፋስ እየመታው ነው" አለችኝ። ጠብ ልል ነበር። ግን እትዬ አጸደ ወደ ናትናኤል ሲያዩ አየኋቸው። አንዲት አፍታ ናት። ቅንድባቸው ተነቃነቀች። ከአባቴ ጀምሮ የደረሰብን ነገር ሁሉ በዚያች ቅንድብ ውስጥ ታየኝ። ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ ጮኽኩ።

"መርዝ! መዳፏ ላይ መርዝ አለ! ይቺ ሴትዮ ልትገድለኝ ነው! ክፍሌን ለእህቷ ልጅ ልትሰጥ ነው! ሰው የለም እንዴ አገሩ ላይ! መርዝ!"

ክፍሌ በሯን ድርግም አድርጋ ዘጋች። ሲኒው ተገለበጠ።

ነቃሁ።

ንጋት ላይ ነው። እትዬ አጸደ አልጋዬ ራስጌ ቆመዋል፤ በሁለት እጃቸው ትኩስ አጥሚት በሳህን ይዘዋል። በሩ ላይ ጩኸቴ የቀሰቀሰው የግቢው ተከራይ በሙሉ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቦ ቆሟል። ክፍሎቻችንን የሚለየው ጋዜጣ የተለጠፈበት ኮምፔርሳቶ ነው። ከአንዱ ክፍል ሲያስነጥሱ ከሌላው ይማርህ ይባላል።

"ሌሊቱን ሲያቃስት ሰማሁት" አሉ እትዬ አጸደ። የሚያናግሩት እኔን አይደለም፣ ጎረቤቱን ነው። "ቡናው በባዶ ሆዱ እየጠበሰው ነው፣ ዛሬ ሆዱን ሞቅ አድርጌለት ከቡናም ላሳርፈው ብዬ ነበር።"

አንዷ ተከራይ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ "ናትናኤል እኮ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ቆየ" አለች።

"የሄደ ሰው አይመለስም ያለው ማን ነው?" አልኳት። አሁንም እላታለሁ።

እትዬ አጸደ ሳህኑን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ነበር፤ የአጥሚቱ እንፋሎት ሊሆን ይችላል።

"አቶ ይርዳው" አሉኝ። እስከ ዛሬ አቶ ብለውኝ አያውቁም። "ሌላ ቤት ይፈልጉ።"

ወጥተው አጥሚቱን በር ላይ ለታሰረው ውሻ ገለበጡለት።

ይኸው ፍራሼን ጠቅልዬ አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ። አጥሚቱ ቅቤ ነበረው፣ ሽታው እስካሁን አልለቀቀኝም። ውሻው ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ ልሶ ተኝቷል። አንዳንዴ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያየኝና ጅራቱን ይቆላል። እስካሁን ምንም አልሆነም። ቢሆንም ገና ጠዋት ነው፤ ተቀምጬ እያየሁት ነው።