ከዶሮ ቤት የሚለካ ግቢ

[ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ዝቅ ብሎ፤ 1980 ዓ.ም.። ሙዘይን በሱቁ ባንኮኒ ላይ ሳሙና ይቆርጣል። የቤት ፕላን ነዳፊው ዓምሃ ቤቱ ሳይገባ ከመሥሪያ ቤት በቀጥታ መጥቷል፤ ክራባት አስሯል፣ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዟል። ሁለቱ ከሱቁ ጀርባ ባለው አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ አብረው ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው።]

ሙዘይን፦ አይገባም አልኩህ።

ዓምሃ፦ ገብቷል እኮ።

ሙዘይን፦ ቴሌቪዥን በምታክል ሳጥን ውስጥ የእኔ ቤት በሙሉ ልኩ? ሱቁን እንኳ ብታስቀርለት አይገባም።

ዓምሃ፦ ሙዘይን፣ ስማኝ። ድሮ በእጅ ስንነድፍ ቤቱን አሳንሰን ነበር የምንስለው። በኮምፒውተር ግን አንዱ ሜትር አንድ ሜትር እንደሆነ ነው። የሚያንሰው በኋላ ወረቀት ላይ ሲታተም ነው።

ሙዘይን፦ እስኪታተም ድረስ የት ቆሞ ይጠብቃል?

ዓምሃ፦ የትም አይቆምም፣ ቁጥር ነው። ልታየው ስትፈልግ ታቀርበዋለህ፣ ትልቅ ይሆናል፤ ታርቀዋለህ፣ ትንሽ ይሆናል። ዙም ይባላል። ልኩ ግን ያው ነው።

ሙዘይን፦ ሲቀርብ ትልቅ፣ ሲርቅ ትንሽ።

ዓምሃ፦ በትክክል።

ሙዘይን፦ ይኼንንማ ከሸጎሌ በግ ገዝቼ ስመለስ ሁልጊዜ አየዋለሁ። ለዚህ ነው መንግሥት ቡልጋሪያ ድረስ የላከህ?

ዓምሃ፦ [ክራባቱን እያላላ] አንተን ከማስረዳት... በቃ፣ ሌላውን ልንገርህ። ፕላኑ ላይ ያለው ሁሉ የሚለካው ከአንድ ነጥብ ነው። ነጥቧ ዜሮ ትባላለች። ከእሷ ወደ ጎን ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ይህን ያህል እያልክ ትሄዳለህ።

ሙዘይን፦ ዜሮዋ የት ናት?

ዓምሃ፦ የግቢያችን የታችኛው ጥግ ላይ አድርጌያታለሁ።

ሙዘይን፦ እዚያማ የዶሮዬ ቤት ነው።

ዓምሃ፦ ይሁና። ኮምፒውተሩ ምን ገዶት።

ሙዘይን፦ ጳውሎስ ሆስፒታልም ከዶሮዬ ቤት ነው የሚለካው?

ዓምሃ፦ ከፈለግህ አዎ።

ሙዘይን፦ ቀጨኔ መድኃኔዓለምስ?

ዓምሃ፦ እሱም።

ሙዘይን፦ በል ዶሮዋ እንዳትሰማህ። ይሄ ሳይነገራት እንኳ ኮርታ እንቁላል መጣል ትታለች። መካስ?

ዓምሃ፦ መካም ቢሆን ከዶሮ ቤትህ...

ሙዘይን፦ አስተግፊሩላህ። ተው እንጂ ዓምሃ፣ እኛ ነን አቅጣጫችንን በመካ የምንለካው። የአዲሱን ሽንት ቤት ነገር ግን ገላገልከኝ። የቶይባ ሠርግ ደርሷል፣ አማቿ ደግሞ ሼህ ናቸው። መጥተው ሽንት ቤት ሲቀመጡ ፊታቸው ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ ቢሆን ልጄን ጥለውልኝ ነበር የሚሄዱት። ተሠርቶ እስኪያልቅ ልቤ አያርፍም። ለመሆኑ እንዴት አድርገህ አዞርከው?

ዓምሃ፦ "አዙር" ብዬ አዘዝኩት፣ ዘጠና ዲግሪ፣ ዞረ። በእጅ ቢሆን ወረቀቱን ቀድጄ ከአዲስ መጀመሬ ነበር።

ሙዘይን፦ ከዞረ በኋላ ምን እንደሚያይ አልጠየቀህም?

ዓምሃ፦ ኮምፒውተር አይጠይቅም። የተባለውን ይፈጽማል።

ሙዘይን፦ ልክ እንደኔ በቀበሌ ስብሰባ።

[ዓምሃ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ይዘረጋል። ሳሙናው ገለል ይደረጋል።]

ዓምሃ፦ ይኸው፣ ሱቅህ ውስጥ እንድትሰቅለው ሌላ ቅጂ አተምኩልህ። መስመሩን እየው፣ የሰው እጅ አልነካውም።

ሙዘይን፦ ያምራል። የቀበሌውን ቅጂ እንኳ ሳላየው ነው ያስረከብኩት። ግን ጎረቤቶቹ የት ሄዱ? ግቢው ውስጥ ከኔ ቤት በቀር ምንም የለም።

ዓምሃ፦ አጥፍቻቸው ነው።

ሙዘይን፦ [ወደ በሩ እያየ] ቀስ ብለህ ተናገር እንጂ፣ ሰው ይሰማል።

ዓምሃ፦ ሌየራቸውን ማለቴ ነው። ስስ ወረቀት ተደራርቦ አስብ። አንዱ ላይ ግድግዳ፣ አንዱ ላይ የውሃ መስመር፣ ሌላው ላይ የጎረቤት ቤቶች። ያላስፈለገህን ታጠፋዋለህ። አለ፣ ግን አይታይም። እኔም ፕላኑ ጥርት እንዲል ጎረቤቶቹን አጠፋሁ።

ሙዘይን፦ አሉ፣ ግን አይታዩም።

ዓምሃ፦ ገባህ።

ሙዘይን፦ እነሱስ እኛን ያዩናል?

ዓምሃ፦ እባክህ ሙዘይን፣ ንድፍ እኮ ነው። ንድፍ ማንንም አያይም።

ሙዘይን፦ እሺ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ አላህ ይስጥህ። ለኔ ልጅ ሠርግ ብለህ ይህን ያህል መቸገርህን አልረሳውም።

ዓምሃ፦ ምን መቸገር አለው፣ አንድ ትዕዛዝ ነው።

ሙዘይን፦ የለም፣ ሌላ ጎረቤት ቢሆን ይከሰኝ ነበር። አፀደም ትልቅ ሰው ናት። አንዴም ሳትጣላኝ ነው ዕቃዋን የምትሸክፈው።

ዓምሃ፦ ማ? ሚስቴ?

ሙዘይን፦ ሚስትህ ናታ። ጠዋት አንተ እንደወጣህ ቀን ሠራተኛው ዱጉማ ጉድጓድ ሊቆፍር መጣ። "ማነው እዚህ ቆፍር ያለህ?" አለችው። "ፕላኑ የባለቤትሽ ነው" አላት። ቀጨኔ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነው መሰለኝ።

[ከጓሮ የዶማ ድምፅ ይሰማል። ዓምሃ ጆሮውን ያቆማል።]

ዓምሃ፦ የት ነው የሚቆፍረው?

ሙዘይን፦ አንተ ያልክበት ነዋ፣ ከሳሎንህ መስኮት ፊት ለፊት። ሼሁ ሲቀመጡ ቂብላን ትተው የሚያዩት የአንተን ምሳ ነው።

[ዓምሃ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ ቤቱን በጣቱ ይፈልጋል። የለም።]

ዓምሃ፦ ቤቴን... የራሴን ቤት አጥፍቼዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?

ሙዘይን፦ ለኔ ብለህ መስሎኝ። ዱዓ ሁሉ አድርጌልሃለሁ።

ዓምሃ፦ ሂድና ዱጉማን አስቁመው።

ሙዘይን፦ እንዴት አድርጌ? የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር በኮምፒውተር መሠራቱን ሲሰሙ ዞር ብለው ሳያዩት ነው ማህተም ያሳረፉበት። የጸደቀ ፕላን ላስቁም ብል አሻጥረኛ ይሉኛል።

[ዓምሃ ክራባቱን ጨርሶ ይፈታዋል።]

ዓምሃ፦ በቃ፣ መስኮቱን ደፍኜ በሌላ በኩል እከፍታለሁ።

ሙዘይን፦ ለመስኮትም ቀበሌ ፕላን ይጠይቃል።

ዓምሃ፦ ፕላኑንማ ነገውኑ ቢሮ ገብቼ...

ሙዘይን፦ [ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጁ እየወሰደ] ተው ዓምሃ፣ አንተ አትድከም። ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ልፈልግልህ።