የውሻ ወተት

ይህን ያነበበ ላላነበበ ይንገር! ቁመቷ ከገብስ ነዶ የማይበልጥ፣ የወይዘሮ ትርፌ ልጅ፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ የአሰላን ከተማ ጸጥታ ያደፈረሰች፣ ወለላ የተባለች ግለሰብ፣ የክቡር አቶ ሣህሌን ውሻ ጠብቃ ስታበቃ «ዋጋዬስ?» ብላ ጠይቃለችና፣ ሹም ሁሉ ሹመቱን፣ ባለጸጋ ሁሉ መቀነቱን አጥብቆ ይያዝ! ዛሬ ውሻ የጠበቀ ከጠየቀ ነገ እንጨት የፈለጠ ይጠይቃል። ከነገ ወዲያ ውሃ የቀዳ። አገር የሚጠፋው እንዲህ ነው!

ይህን አዋጅ ነጋሪት አልጎሰመውም። አቶ ሣህሌ ራሳቸው ከደጃፋቸው ቆመው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር እየጮኹ፣ ላለፈ ላገደመው ያወጁት ነው።

አቶ ሣህሌን የማያውቅ ሰው የለም። እዚህ ያላወቃቸው ሲሬ ላይ ያገኛቸዋል፤ ሲሬ ያመለጡት ጮሌ ላይ ስማቸውን ለውጠው ይጠብቁታል። ለየከተማው አንድ አንድ ታድሏልና። ሥራ ሲያዝዙ ጌታ፣ ሒሳብ ሲመጣ ዘመድ የሚሆኑ ሰው ናቸው። አሰላ ላይ የደረሱን በመዝገብ ቤት ሹምነት ከመንዝ ተዛውረው ነው፤ በመጡ በዓመታቸው ከተማውን በሙሉ ተዛምደውታል።

የብስክሌታቸውን ጎማ የለጠፈላቸው ጎሚስታ ሳንቲሙን ሲጠብቅ፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት። የአባቱን ስም ነገራቸው። አያቱን ጠየቁት፤ ነገራቸው። ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርስ አቶ ሣህሌ ተንደርድረው አቀፉት። «የኛው ነሃ! ደም እኮ ነን!» ጎሚስታው ጉራጌ፣ እሳቸው መንዜ መሆናቸው አላስጨነቃቸውም። ልጁ የትውልዱን ነገር ሲያሰላ፣ እሳቸው ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው «ቻው!» ብለውታል።

ኮታቸውን የገለበጠላቸው ልብስ ሰፊ ደግሞ በዋዛ የሚለቅ ሰው አልነበረም፤ መዝገብ ቤት ድረስ መጣባቸው። ሚስቱ መውለዷን ሰምተው ኖሮ «ክርስትና አነሣልሃለሁ!» ብለው አበልጅ ሆኑት። አበልጅ አበልጁን በኮት አይከስም። ፀጉር አስተካካዩን ምን እንዳሉት ግን እስከ ዛሬ ይወራል፦ «ከመቀስህ ውጭ ይህን ራስ የነካው የለም። ራሱ ያንተ ማለት አይደለም እንዴ? ታዲያ በገዛ ንብረትህ ላይ ሠርተህ ማንን ልታስከፍል ነው?»

ያልተማሩ እንዳይመስልዎ። ስለ ሥልጣኔና ስለ ሥራ ክቡርነት የሚናገሩትን ቀጫጭን መጻሕፍት አንድም ሳይቀራቸው አንብበዋል። ሥራ ክቡር መሆኑን ከልባቸው ያምናሉ። ክቡር ነገር ደግሞ በገንዘብ አይተመንም ባይ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ዘመድ መሀል «ዘመዴ» ያላሉት ፍጡር ቢኖር መከታ ነበር። መከታ አንድ ጆሮው የተቀነጠሰ፣ ቡላ፣ ጎምላላ ውሻ ነው። አቶ ሣህሌና ሚስታቸው ወይዘሮ አሰፋች ልጅ አልወለዱም። ማታ ማታ ሹሙ ከቢሮ ሲመለሱ፣ የበላያቸው ምን እንዳሏቸው፣ የበታቻቸው እንዴት እንዳጉረመረመ፣ አንድ በአንድ የሚያወሩት ለመከታ ነው። ወይዘሮ አሰፋች ሁለተኛ ቃል ላይ ያንቀላፋሉ። ውሻው ግን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

ታዲያ በጥር ወር የወይዘሮ አሰፋች ወንድም ናዝሬት ላይ ሠርግ ደገሰ። የአውቶቡሱ ሹፌር «ሰው እጭናለሁ እንጂ ውሻ አልጭንም» አለ። እሱንም ሊዛመዱት ሞከሩ፤ በሩን ዘጋባቸው። እየተብሰከሰኩ ተመልሰው ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ትርፌ አጥር ላይ ቆሙ።

«ወለላዬ! አንቺ እኮ ልጄ ነሽ።»

«አባቴ ሞቷል ብላኛለች እናቴ» አለች ወለላ።

«ነፍሱን ይማር። ይህን ውሻ እስክንመለስ ያዢልኝ።»

«ስንት ይሰጡኛል ጋሼ?»

አቶ ሣህሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። «እንዲህ ያለ ቃል በኔና ባንቺ መሀል ይነሣል? ስመለስ ደስ አሰኝሻለሁ!»

«ቃልዎ ነው?»

«እግዜር ያውቃል!»

እግዜር በርግጥ ያውቅ ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ወለላ ውሻውን በገመድ ይዛ በር ላይ ጠበቀቻቸው። በግራ እጇ ላይ ጨርቅ ጠምጥማለች። መከታ ወፍሯል፤ ፀጉሩ ታጥቦ ያበራል። ዘሎ የጌታውን ፊት ላሰ። አቶ ሣህሌ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ልባቸው ሞላ፤ ኪሳቸው ግን ባለበት ቀረ።

«ተባረኪ! እደጊ፣ ተመንደጊ!»

«አሜን።»

«ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!»

«አሜን።»

«ክፉ አይንካሽ! ጠላትሽ ይውደቅ! እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርግሽ!»

«አሜን።»

ምርቃቱ አለቀ። ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ወይዘሮ አሰፋች ነገሩ ገብቷቸው ከሠርጉ ድፎ ዳቦ ቁራሽ አመጡላት። ወለላ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለውሻው ሰጠች፣ ግማሹን በላች፣ አፏን በቀሚሷ ጠረገችና እንደገና ቆመች።

«ምነው ልጄ? ደስ አላለሽም?»

«ገና ነኝ ጋሼ።»

«ደስታሽ ምንድን ነው በይ?»

«አንድ ብር። ቄብ ዶሮ ልገዛበት ነው።»

በመግቢያችን ላይ የሰማነው የአዋጅ ጩኸት የተነሣው ይኼኔ ነው። አቶ ሣህሌ እንደ ጉድ ነደዱ። «አንድ ብር! ለውሻ! ውሻ ምን የሚጠበቅ ነገር አለው? ጠባቂው እሱ አይደለም እንዴ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችሁን ሲጠብቅ የከረመው ማን ሆነና! ሒሳብ ይተሳሰብ ከተባለማ ትርፌ ናት ለኔ መክፈል ያለባት!» መንገደኛው ቆመ። ልብስ ሰፊው ሱቁን ትቶ መጣ። ሰው ሲሰበሰብ አቶ ሣህሌ ባሰባቸው፤ ፍርድ አማራቸው።

ከበራቸው አጠገብ ካለው ግንድ ላይ ኦቦ ቱሳ ተቀምጠው ነበር። ከዲክሲስ መንገድ ገብስ የሚያመጡላቸው ገበሬ ናቸው፤ የዋጋ ቀሪ ሊቀበሉ ከአውቶቡስ ተራ ተከትለዋቸው መጥተው፣ «ወንድሜ» ተብለው፣ እስካሁን ወንድም ሆነው እንደተቀመጡ ናቸው።

«ኦቦ ቱሳ!» አሉ አቶ ሣህሌ። «እርስዎ የአገሩን ወግ ያውቃሉ። ላሙን ጠብቆ እንዲያረባለት ለሌላ ሰው በደባሬ የሰጠ ባለ ከብት፣ ለጠባቂው ደሞዝ ይቆርጣል?»

ኦቦ ቱሳ ዱላቸውን አገላበጡ። «በደባሬ? የለም። ጠባቂው ወተቷን ይጠጣል። እበቷን ለማሳው ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ ደሞዝ የሚባል የለም።»

«ሰማችሁ! አገር ፈረደ! እኔም መከታን የሰጠኋት በደባሬ ነው!»

ወለላ ውሻውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ወንድ ነው እኮ ጋሼ። ምኑን ልለበው?»

መንገዱ በሳቅ አውካካ። አቶ ሣህሌ ሳቁን ለድል ቆጠሩት። «እበቱ አለልሽ! ማን ከለከለሽ?»

«ኤዬ» አሉ ኦቦ ቱሳ ቀስ ብለው፤ ሰውየው ነገር ሲናገሩ አይቸኩሉም። «ግን አቶ ሣህሌ፣ በደባሬ ነው ካሉ ሌላም ነገር አለው። ባለ ከብቱ ሲያሰኘው መጥቶ አይነዳም። ወተቷ እስኪነጥፍ ድረስ ላሚቱ ጠባቂው ደጅ ነች።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ፣ ይህ ውሻ ገና መታለብ አልጀመረም። ያልጀመረ ወተት መቼ ይነጥፋል?»

ወለላ እንደ ትልቅ ሰው አሰበችበት። ከዚያ ገመዱን ሳብ አደረገች። «እንግዲህ ሲነጥፍ አመጣልዎታለሁ ጋሼ» አለች። መከታ አንዴ ጌታውን፣ አንዴ ልጅቷን አየና ጭራውን እየቆላ ተከተላት። አቶ ሣህሌ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፍርዱ የራሳቸው ነበርና መልሰው ገጠሙት።

ከዚያ ወዲያ ከተማው መድረሻ አሳጣቸው። «እንደምን አደሩ» የሚላቸው ጠፋ። ጎሚስታው ከጎማ ላይ ቀና ብሎ «ደም እንሁን እንጂ፣ ወተቱ እንዴት ነው?» ይላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ «ነጠፈ ወይ ጋሼ?» ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት መነኩሲት ሳይቀሩ «እግዚአብሔር ያንጥፍልዎ» አሏቸው። አቶ ሣህሌም ቤት ገብተው ክስ ሊጽፉ ብዕር አነሡ። ከሳሽ፣ የመዝገብ ቤት ሹም። ተከሳሽ፣ አሥራ አንድ ዓመት። የተወሰደው ንብረት፣ ውሻ። በምን ተወሰደ? በከሳሽ ፍርድ። ወረቀቱን ጨብጠው ቀደዱት። «ጉድ እኮ ነው! ለአንድ ብር ብላ!» ብለው ጮኹ። ወይዘሮ አሰፋች ከመኝታ ቤት «ማን ነው ለአንድ ብር ብሎ?» አሏቸው። ያን ምሽት የበላያቸው ያሏቸውን የሚነግሩት አጥተው፣ ወንበራቸው ላይ ብቻቸውን ሲያጉተመትሙ አመሹ።

በአራተኛው ቀን አቶ ሣህሌ ሉካንዳ ገቡ። ሥጋ ያለው አጥንት አስመዘኑ። ሻጩ ስንት ትውልድ ሊቆጥሩበት እንደሆነ እየጠበቀ ቢላውን ይስል ጀመር። ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ደነገጠ። «ምነው ጋሼ፣ ቤት ሰው ታሟል እንዴ?» አጥንቱን ይዘው ወጡ።

ከወይዘሮ ትርፌ አጥር ሲደርሱ መከታ ፀሐይ ላይ ተጋድሟል፤ ወለላ አጠገቡ ተቀምጣ ቅማሉን ትለቅማለች። አጥንቱን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለኩለት። ወይዘሮ ትርፌ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ይግቡ እንጂ አቶ ሣህሌ። ደጅ ምን ያቆምዎታል?»

«አይ… መንገዴ ነው። ደህና ነው ወይ ልል ነው።»

«ምን ይሆናል ብለው! ያን ያህል ከተረፈ በኋላ።»

«ከምን ነው የተረፈው?»

«አልነገረችዎትም? እናንተ ሠርግ ላይ ሳላችሁ ነዋ፣ ለባዘነው ውሻ ሁሉ የመርዝ ሥጋ በየመንገዱ የተጣለው። የሰፈሩ ውሻ እንዳለ ረገፈ። የጮኸ ውሻ ሰምተዋል እስቲ ከመጡ ወዲህ?»

አቶ ሣህሌ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። እውነትም ሰፈሩ ጭር ብሏል። በንዴት ብዛት አላስተዋሉትም።

«ገመዱን ክንዷ ላይ ቋጥራ ነው የከረመችው» አሉ ወይዘሮ ትርፌ። «ሊሸና ሲወጣ እሷ ፊት ፊት እየሄደች መንገዱን ትጠርግለታለች። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን አምልጧት ቁራጭ ጎረሰ። እጇን አፉ ውስጥ ከታ ፈልቅቃ አወጣችው። ያው፣ ነከሳት። ፍቺና አሳያቸው አንቺ።»

ወለላ ጨርቁን ፈታች። ቁስሉ ደርቋል፤ አራት የጥርስ ምልክት መዳፏ ላይ ተሰልፏል።

አቶ ሣህሌ ጎንበስ ብለው አዩት። ያን ለት ከናዝሬት ሲመለሱ በር ላይ ጨርቁን አይተውት ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«መቼ አስወሩኝ ጋሼ? ሲመርቁኝ ነበር እኮ።»

በዚህ ሰውዬ ላይ ሲሳለቅ የቆየ ብዕር እዚህ ላይ ትንሽ ይዶለዱማል። እውነቱን ለመናገር አቶ ሣህሌ ቀልተዋል። ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቷል። የሚያፍር ሰው ደግሞ ገና አልጠፋም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ማንም አላስገደዳቸውም፤ የሚያይ ሕዝብም አልነበረም። የወር ደሞዛቸው ትናንት ተከፍሎ ሁሉም እዚያው ነው። ጣታቸው ብሩን ነካ። ከዚያ ቆመ።

ስንት?

አንድ ብር የጠየቀችው ለጥበቃው ነው፤ የእጇስ? ሁለት ቢያደርጉት፣ አንዱን ስትጠይቅ ያን ሁሉ ያወጁት ለምን ነበር ሊባል ነው። አምስት ቢሰጡ የአንዲት ገረድ የወር ደሞዝ ነው፤ ከተማው «አበዱ» ይላቸዋል። ደግሞ አምስቱም ያንሳል። መከታ ከሌሎቹ ጋር ረግፎ ቢሆን ስንት ከፍለው ያስነሡት ነበር? አቶ ሣህሌ በዕድሜያቸው ዋጋ ተምነው አያውቁም፤ ዋጋ ሲያመልጡ ነው የኖሩት፤ አሁን መተመን ቢፈልጉ ዘዴው ጠፋቸው። ግንባራቸው በላብ ረጠበ። ወለላ እጇን፣ ያንኑ የተነከሰውን፣ በአጥሩ ቀዳዳ ዘርግታ ትጠብቃለች። ውሻውም አጥንቱን ትቶ ቀና ብሎ ያያቸዋል።

እርስዎም አንባቢ፣ ከዳር ቆመው አይሳቁ። የሰው ልጅ ለእርስዎ ደጅ ጠርጋ፣ ዕቃ ይዛ፣ በግ አግዳ አታውቅም? አያፍሩ፤ ጠጋ ይበሉና በጆሯቸው አንድ ቁጥር ሹክ ይበሏቸው። ምርቃት አይጨምሩ፤ ቁጥር ብቻ። ይኸው ሰውየው ጨንቋቸዋል፣ የልጅቷም እጅ ደክሟል፤ ይበሉ እንጂ፣ ስንት ይስጧት…