የአርባ ስድስት አሻንጉሊቶች ርክክብ

በየሰፈሩ አንድ ጡረተኛ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ቢያሰናብተውም እሱ መሥሪያ ቤቱን ያላሰናበተ። የዚህ ሰፈሩ ክቡር ጋሼ ማኅተም ናቸው። ስማቸው አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም በፊርማ አስረከቡ፤ እጃቸው ግን ባዶውን መቀመጥ አልቻለም። ትልቅ ላጲስ ገዝተው በምላጭ «ታይቷል» ብለው ቀረጹበት። ሰፈሩም ወዲያው ስም አወጣላቸው።

ምን ቢነግሯቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «በጽሑፍ ይቅረብ!» የጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ደጃፋቸው ሲደርስ እንኳ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «በስንት ሰዓት ነው የፈነዳው? የመዘገበ አለ?» ያሉ ሰው ናቸው። ጥርሳቸውን ሲያማቸው ለሐኪሙ ሸኚ ደብዳቤ ጽፈው ሄዱ። ሐኪሙ ከነቀለላቸው በኋላ ጥርሱ በአባሪነት እንዲመለስላቸው ጠየቁ አሉ፤ ይህቺን እንኳ ሰፈሩ ጨምሮባት ይሆናል።

እንግዲህ የሟች ጎረቤታቸው ልጅ፣ ፋርማሲስቷ፣ የወደቀችው በእኚህ ሰው እጅ ነው። እናቷ ካረፈች ዓመት ሊሞላ ነው። እናትየው የኖረችበት የኪራይ ቤት ከጋሼ ማኅተም ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በወሩ መጨረሻ ለአከራዩ መመለስ አለበት። አልጋው ሄደ፣ ወንበሮቹ ሄዱ። የቀረው የመስታወት ቁም ሳጥኑ ነው፤ ውስጡ አርባ ስድስት አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከየትም ለቅማ፣ ፊታቸውን በጥጥ ጠርጋ፣ ቀሚስ ሰፍታ ያኖረቻቸው ናቸው።

ልጅቷ አንዳቸውንም አትፈልግም። ነገሩ ቂም ነው፣ ምን ይደበቃል! በልጅነቷ አንዷን እንኳ አልተሰጠችም። «አትንኪ፣ ትሰበራለች!» እየተባለች ነው ያደገችው። «እዚያ ቤት አርባ ሰባተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ያውም ቀሚስ ያልተሰፋላት» እያለች ትቀልዳለች። ቀልዱ ራሷን አያስቃትም።

በሩ ላይ «አሻንጉሊት የሚፈልግ መጥቶ ይውሰድ» ብላ ለጠፈች። ከሥራ ስትመለስ ማስታወቂያው በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ጠበቃት፦ ቁጥር የለውም፤ ቀን የለውም፤ «የሚፈልግ» ማለት ማን ነው? ከሥሩ የላጲሱ ማኅተም አርፎበታል፦ ታይቷል።

በማግስቱ ጋሼ ማኅተም ኮትና ከረባታቸውን ግጥም አድርገው፣ ጠረጴዛ አውጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ርክክብ ነዋ! እናትሽ አርባ ስድስት ነፍስ ትታ ሄዳ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሜዳ ላይ ይበተኑ?»

«ነፍስ የላቸውም እኮ ጋሼ።»

«እሱም በጽሑፍ ይቅረብ።»

ጉድ ነው እንግዲህ፣ ሰዉ ጻፈ! የጫማ ሰፊው የስምንት ዓመት ልጅ ከደብተሯ ቀድዳ ያመጣችው ማመልከቻ እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ አሻንጉሊት ስለ መጠየቅ። ታናሽ እህቴ የምትተኛው ጣቴን ይዛ ነው። እኔ ግን የቤት ሥራ አለብኝ።» ጋሼ ማኅተም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «አስቸኳይ» ብለው ጻፉበት። አንዲት የሰፈር ሴት ለሳሎኗ ጌጥ አንዷን ብትጠይቅ ግን ውድቅ ተደረገባት። ምክንያቱም በጽሑፍ ደረሳት፦ «ከመስታወት ወደ መስታወት ማዛወር አላስፈለገም።»

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው አንድ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሁለት ጆንያ ይዞ መጣ። ሁሉንም አንስቼ ልገላግልሽ ሲላት ፋርማሲስቷ እጁን ልትስም ምንም አልቀራት። ጋሼ ማኅተም ብድግ አሉ።

«ሠላሳ አንድ ቀርተዋል። አንዷ ተይዛለች። ስለዚህ ሠላሳ ማመልከቻ፤ ለእያንዳንዷ ለየብቻ፣ ምክንያቱ ተጠቅሶ!»

ሰውየው ጆንያውን አጣጠፈ። «እህቴ፣ አባትሽን ሐኪም ቤት ውሰጃቸው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ቤቱን ማስረከብ አለብኝ እኮ! ይሄ መሥሪያ ቤት አይደለም!» ብላ ጮኸችባቸው። ምንም አልተቀየሟትም። ሰዓታቸውን አዩና መዝገቡ ላይ ጻፉ፦ «ባለጉዳይ ተቆጥታለች።»

ለካ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ሄደው፣ አልጋ ለአልጋ ዞረው፣ መጻፍ ለማይችሉት እየጻፉ፣ ሠላሳ ማመልከቻ ታቅፈው መጡ። ፋርማሲስቷ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ዐይኗ ከላይ ባለው ወረቀት ላይ አረፈ። «መርፌ ሲወጉኝ እጇን እንድይዝ» ይላል። ካርቶን ፍለጋ ሄደች። ሠላሳውንም አብረው አሸጉ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው፣ አንድ ዐይኗ የማይከደነው ብቻ ቀረች።

«ይቺስ?»

«ተይዛለች ብያለሁ። ከሁሉም ቀድማ ያመለከተች አለች።»

ያኔ ሆድ ባሳት። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ስታያት ያደገችው ይቺን ነው። «እኔ አልተሰጠኝም እኮ ጋሼ! ለማን እንደምትሰጥ እንኳ አልጠይቅ? ማን ናት እሷ?»

ጋሼ ማኅተም ወደ ቤታቸው ገቡ። ጠርዙ የተበላ ፋይል ይዘው ወጡ፤ በላዩ «ቁጥር 1» ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ አንዲት ወረቀት አለች፣ መስመር የለቀቀ የልጅ ጽሕፈት፦ «ለእናቴ። ጉዳዩ፦ ቢጫዋን ስለ መጠየቅ። አልሰብራትም። ልብስም እሰፋላታለሁ።»

ትዝ አላት። ሰባት ዓመቷ ነበር። «በጽሑፍ ይቅረብ» ብለው ያስጻፏት እሳቸው፤ ለእናቷ ወስደው የሰጡላትም እሳቸው። መልስ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ጠይቃ አታውቅም።

«መልስማ አለው፤ እናትሽ ጽፋበት ለእኔ መለሰችው» አሉ። «ጠርዙን እዪው።»

በጠርዙ ላይ የእናቷ የእጅ ጽሑፍ ነበር፦ «ተፈቅዷል። ስታድግ ይሰጣት።»

«ጋሼ! ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ!»

«ቀን አልተጻፈበትማ!» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ጥፋተኛ ዝቅ ብሎ። «‹ስታድግ› ይላል። መቼ? ዕድሜ አልተጠቀሰም! አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሺ እናትሽን ጠየቅኳት፤ ‹ኧረ ገና ናት› አለችኝ። ስትመረቂ ጠየቅኳት፤ ‹ምነው፣ ልጄን ሊያስረጁብኝ ነው?› አለች። በየዓመቱ ጠይቄያታለሁ። እሷ እንደሆነ፣ አድጋለች ብላ መፈረም አልቻለችም። ምን ላድርግ የኔ ልጅ?»

እየሳቀች ነው እንዳይባል ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ነው እንዳይባል ትስቃለች። ስታበቃ በመዳፏ ፊቷን ጠረገችና «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለች።

ፈረመች። ጋሼ ማኅተም ቢጫዋን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። «እንዳትሰብሪያት» አሉ።

በማግስቱ የቤቱን ቁልፍ ለአከራዩ መልሳ ስታበቃ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት።»

«በጽ...» ሳይጨርሱ ወረቀቱን አስጨበጠቻቸው።

«ጉዳዩ፦ ምስጋና። የእናቴን መልስ ጠብቀው ስላቆዩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግልባጭ፦ ለእናቴ።»

ጋሼ ማኅተም ጉዳዩን አዩ፣ ፊርማውን አዩ። ላጲሱን አውጥተው ለመምታት ሞከሩ፤ «ታይቷል» ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ግልባጩን እኔው አደርሳለሁ» አሉ፣ ዐይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። «ወደ እሷ ለመሄድ በዕድሜ የምቀርበው እኔ ነኝ።»

«አይቸኩሉ ጋሼ» አለች ክንዳቸውን ይዛ። «ቀን አልተጻፈበትም።»