ሃዋይ ላይ የታመመችው አክስቴ

የእኛ ሰው መንገድ ሲሄድ አይናገርም። ሻንጣው በር ላይ ቆሞ እንኳ «ኧረ ገና ነው፣ እሱ ያውቃል» ይላችኋል፤ ከዚያ ከሌላ አገር ይደውልላችኋል። አንዳንዱ ዓይን ፍራቻ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ዕቃ አድርስልኝ» ባይ እንዳይበዛ ነው ይላል። እኔ አስቤ አስቤ የደረስኩበት ሦስተኛ ምክንያት አለ። የምንሄድበትን መናገር፣ ሳንሄድ የቀረንበትን ሁሉ ሰው እንዲያስታውስ መጋበዝ ነው።

አክስቴን አልማዝን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ሦስተኛው ነው።

ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። እኔና አክስቴ የምንኖረው ሲያትል፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ነው፤ አክስቴ ደግሞ የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ እሷ ማስክ በማስክ ላይ ደርባ ትወጣለች፤ ስትመለስ ጋራዥ ውስጥ ልብሷን ቀይራ ነው የምትገባው። በዚህ መሀል የልብ ጓደኛዋ የእትዬ አስካለ ባለቤት አረፉ። አክስቴ ሰፈራቸው ስካይዌይ ድረስ ሄዳ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ መስኮቱን እንደዘጋች አልቅሳ ተመለሰች። ለአርባውም አልሄደችም። «የምውለው ከሽማግሌዎች ጋር ነው፤ ይዤባችሁ ብመጣስ?» አለች። እውነቷን ነው። እትዬ አስካለም «ገባኝ» አሉ። የእኛ ሰው «ገባኝ» ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ሬድመንድ ከተማ ሶፍትዌር የምትሠራው ልጇ ሜሮን አንድ ቀን መጥታ፣ «ማሚ፣ ብሬክ ያስፈልግሻል። ሃዋይ ቡክ አድርጌያለሁ» አለቻት። ሃዋይ ያኔ አፍንጫውን ተመርምሮ ነፃ ለሆነ ሰው በሯን ከፍታ ነበር። አክስቴ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ ከዚያ የዋና ልብስ የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ።

«ግን አስካለስ? ለባሏ አርባ ያልደረስኩ ሴትዮ ባሕር ዳር ልተኛ ሄድኩ ልበላት? ዓይኔን አታይም እኮ!»

ሶ፣ ምን አደረገች? ታመመች። «ቀላል ነው፣ ራሴን ለይቼ ተኝቻለሁ፤ እባክሽ እንዳትመጪ» ብላ ደወለችና ኤርፖርት ሄደች።

ስህተቷ እዚህ ላይ ነው። ለፈረንጅ «ታምሜያለሁ፣ አትምጣ» ስትሉት አይመጣም። ለእኛ ሰው ግን የጥሪ ካርድ እንደመላክ ነው። በማግስቱ እትዬ አስካለ የአጥንት ሾርባ በድስት ይዘው ከች አሉ። ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ እግረኛ መንገዱ ድረስ አፈግፍገው፣ ከዚያ ሆነው ጮክ ብለው፦

«እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት፤ ተኝታለች» አልኩ ከበሩ ላይ።

«ምግብስ?»

ይሄኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቫይረሱ ማሽተትን እንዴት እንደሚያጠፋ፣ ማሽተት ሲጠፋ ጣዕም ለምን አብሮ እንደሚጠፋ፣ ሳንባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ከረጢቶች ምን እንደሚሠሩ አስረዳኋቸው። እትዬ አስካለ ቆመው እስክጨርስ ሰሙኝ። የሳንባው ነገር በጣም የገባቸው መሰለኝ። ሾርባውን በልቼ ድስቱን አጥቤ አወጣሁላቸው። በነጋታው ሌላ ድስት መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

የአክስቴ ድምፅ ግን ሲሰሙት የለየለት በሽተኛ ድምፅ ነበር። ሃዋይ ከእኛ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ እኛ ጋ ሰው ሥራ ሲገባ እነሱ ጋ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። እትዬ አስካለ ጠዋት ሲደውሉላት ከእንቅልፏ ስትነቃ የሚወጣው ሻካራ «እህ... አስኩዬ...» የማንንም ሆድ ያባባል።

አንድ ጠዋት እደጃችን ቆመው፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ሲያጽናኗት አውራ ዶሮ ጮኸ።

የሃዋይ ዶሮ ባለቤት የለውም። ድሮ አውሎ ነፋስ ቆጡን ሰብሮ የበተነው ነው ይባላል፤ አሁን እንደ እርግብ በየሆቴሉ ደጃፍ ይንጎራደዳል። ሲያትል ውስጥ ደግሞ ሴት ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል፤ አውራ ዶሮ ግን ክልክል ነው። እትዬ አስካለ ጭር ያለውን ቤታችንን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ቲቪው ነው» አለች አክስቴ ከስልኩ ውስጥ።

«አላርሟ ነው» አልኩ እኔ፣ እኩል።

«ይማርሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ድስቱን ግን አስቀምጠው ሄዱ፤ በማግስቱም ይዘው መጡ። ስለዚህ አምነዋል ብዬ ደመደምኩ።

አክስቴ ግን አልደመደመችም። ሜሮን እንደነገረችኝ እናቷ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ፣ ስልኳን ታቅፋ ነበር የምትውለው። ለእኔም ትደውላለች። «ዛሬም አመጣች?» አዎ ስላት ስልኩን ትዘጋለች። ተመልሳ ተመርምራ ነፃ መሆኗን እንዳወቀች፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ስካይዌይ ውሰደኝ አለችኝ። ፊቷ ከፀሐዩ ብዛት ጠቁሯል። ሳሩ ላይ ቆማ፣ ማስኳን እንዳደረገች፣ በረንዳው ላይ ለወጡት ለእትዬ አስካለ ተናገረች።

«አስካለ፣ ታምሜ አልነበረም። ሃዋይ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ሾርባውን ለማን ነበር የምታመላልሺው?»

«ለዚህ ልጅ ነዋ!» አሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ጥለሽው ሄደሽ! ስለ ሳንባ ሲተነትን ይውላል እንጂ እንቁላል መጥበስ አይችል።»

አክስቴ ልትስቅ ጀምራ ማልቀስ መጣባት። «ለአርባው ሳልመጣ...» ብላ መጨረስ አቃታት። እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤታቸው የወጡት ለእኛ ሾርባ ለማምጣት ብቻ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

«ባሕሩ ይሞቃል?» አሉ በመጨረሻ።

«ይሞቃል። ግን አንቺን እያሰብኩ መች ገባሁበት?»

እትዬ አስካለ አንድ ደረጃ ወረድ አሉ።

«ስሚ አልማዝ፤ ሁለተኛ ብቻሽን እንዳትታመሚ። አብረን ነው የምንታመመው።»