ፈረንሳይ ያልደረሱት ሽማግሌ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቃል ሰምቶ የሚያልፍና ቃሉን ካልፈታ የማያሳልፍ። የሉማሜው ክቡር አቶ ወልደ ሩፋኤል፣ እኛ በሌሉበት «ሊቀ ቃላት» የምንላቸው፣ የሁለተኛው ዓይነት አለቃ ናቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ከረሙ፤ ኋላ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኑ። ሁለቱ ትምህርት አንድ ራስ ውስጥ ሲገናኝ ለጎረቤት ዕረፍት የለም።

«እስቲ ሥሩን እንየው» ካሉ አበቃ። አንድ ጊዜ የአውቶቡስ ረዳት «በግ ይዞ መግባት ኢሌጋል ነው» ቢላቸው፣ ሕግ በላቲን ምን እንደሚባል ያስረዱት ጀመር። አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስ ሲገባ እሳቸውና በጉ ሉማሜ ነበሩ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ማርያማዊትን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ስል እናቴ «ያለ ወልደ ሩፋኤል አይሆንም» አለች። ብለምናት አልሰማ አለች። የማርያማዊት አባት፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ደምለው፣ ልጃቸውን እኔ ወደማስተምርበት ቁይ እንደማይልኩ አስቀድመው አስወርተዋል። እምቢ ካሉ ለሌላ ሊድሯት ነው። ያለችኝ አንዲት ዕድል በሊቀ ቃላት አፍ ላይ ወደቀች።

የሆነውን የነገሩኝ አብረው የሄዱት ቄስ አካለ ወልድ ናቸው። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ደጃፍ ላይ ቆሙ። አቶ ደምለው ጉዳዩን ሰምተው «ኢምፖሲብል» አሉ።

«መልካም፤ ሥሩን እንየው» አሉ ሊቀ ቃላት። «ኢም የአሉታ ናት፤ የግእዟ ኢ እኅት። ግእዝም ኢይትከሀል ይላል። ፖሲብል ግን ከላቲን ነው፤ ፖሴ፣ መቻል…»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ቁርጥማት ያለባቸው ሊቀ ቃላት ግን ምርኩዝ አልያዙም ነበርና ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ኧረ ይቀመጡ አቶ ወልደ ሩፋኤል» አሉ አቶ ደምለው።

«እሺ ሳልባል እንዴት እቀመጣለሁ? ደግሞ ገና ላቲን ላይ ነኝ። ቃሉ እንግሊዝ የገባው በፈረንሳይ በኩል ነው፤ ፈረንሳይ አልደረስንም።»

የማርያማዊት እናት ከጓዳ ተናገሩ፦ «ሰውዬው ደጃችን ላይ ሊወድቁ ነው። አገር ምን ይለናል? እሺ በላቸው።»

አቶ ደምለው ፀሐዩንም ጉልበቱንም አዩ። «ይሁን፤ ሰጥቻለሁ። ይቀመጡ።»

ከሠርጉ በኋላ «ሆን ብለው ነው የቆሙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቅር አላቸው። «ምኑን ሆን ብዬ? ሳልጨርስ አስቀመጡኝ እንጂ።»

እወዳቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ምርኩዝ ተደግፈው ቤታችን መጡ። ማርያማዊት ወንበር አቀረበችላቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ፈረንሳይ አልደረሱም ነበር፤ እስቲ ይቀጥሉ» አልኳቸው።