የመርፌዋ ጠባቂ

በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መኪና ላይኖር ይችላል። የመኪና ሙቀት ጠባቂ ግን አይጠፋም። መኪና የሌለው ቤተሰብ እንኳ የጎረቤቱን መኪና የሚጠብቅ አንድ ሰው ከየትም ብሎ ያፈራል። ይህ ሰው ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። መንገዱን አያይም፣ ተራራውን አያይም፤ ዓይኑ ከመሪው ጀርባ ካለችው ከአንዲት ቀጭን መርፌ ላይ አይነቀልም። መርፌዋ የሞተሩን ሙቀት ታሳያለች። ከመሃል ከፍ ካለች ሞተሩ እየጋለ ነውና ይጨነቃል። ከመሃል ዝቅ ካለችም ይጨነቃል፤ "ምን አስባ ነው ዝም ያለችው?" ይላል።

ለመምህሩ በዕጣ የደረሰችው የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ናት። እሱ ራሱ ጂኦግራፊ የሚያስተምር፣ አንዲት ያገለገለች መኪና ያለችው፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌለው ሰው ነው። አማቱ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቤተሰቡ በሌሉበት "አባባ መርፌ" የሚላቸው፣ ክቡር የሞተር ሙቀት የበላይ ጠባቂ ናቸው።

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው የሄደ ዕለት፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፣ ስለ ዘመዶቼ ያጣራሉ ብሎ መልሱን ሲያጠና ነበር የሰነበተው። እሳቸው በሩን ከፍተው ወጡ፤ እጁን ሳይጨብጡ አልፈውት ወደ መኪናዋ ሄዱ። ኮፈኑን እንዲከፍት አዘዙት። ጎንበስ ብለው ራዲያተሩን ሲመረምሩ፣ በስስ ክንፎቹ መካከል ተሰክተው የቀሩትን ትንኞችና ቢራቢሮዎች በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ የራዲያተሩን ውሃ የቀየርከው መቼ ነው? መምህሩ ውሃው እንደሚቀየርም አያውቅም ነበር። ሠርጉ አራት ወር የተራዘመው አዳራሽ ጠፍቶ ነው ቢባልም እሱ እስከ ዛሬ አላመነም።

ከጋብቻው በኋላ ነገሩ ባሰበት። ስልክ ሲደውሉ "ደህና ናችሁ?" ይሉና መልሱን ሳይጠብቁ "መርፌዋስ?" ብለው ያስከትላሉ። መምህሩ አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ በትኩሳት አልጋ ላይ ሲውል ሊጠይቁት መጥተው ነበር። መኝታ ቤት የገቡት ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ መኪናዋ ሳትነዳ ሦስት ቀን ስለቆመች መጀመሪያ እሷን ማየት ነበረባቸው። በየሁለት ሳምንቱ ራዲያተሩን በጥርስ ብሩሽ ያጸዱለታል። ብሩሹ የባለቤታቸው የእማማ ነው። እማማ አሁን አዲስ ብሩሽ ሲገዙ ሰው በሚያየው ቦታ አያስቀምጡም።

የሰው መኪናም አይቀራቸው። አንድ ቀን ክሊኒክ ግቢ ውስጥ ከማያውቁት ሰው መኪና ኮፈን ላይ መዳፋቸውን እንደ ሕፃን ግንባር አሳርፈው ባለቤቱ እስኪመጣ ጠበቁ። ሲመጣም "ልጄ፣ ይቺ ትኩሳት አላት" አሉት። ሰውየው የክሊኒኩ ሐኪም ነበር። በትሕትና አመስግኖ ወደ ውስጥ ገብተው የደም ግፊታቸውን እንዲለካላቸው ለመናቸው።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ማሞቂያው ባይኖር ኖሮ ይቻል ነበር። አባባ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ በሚሯሯጥበት ሰዓት፣ ዳገት ሲመጣ ማቀዝቀዣውን አስጠፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ያስከፍታሉ። ምክንያት አላቸው። ማሞቂያው ሙቀቱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ተሳፋሪው ይተፋዋል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይቀለዋል። መምህሩ ነገሩን ሊያፈርስባቸው መጽሐፍ አገላብጦ ትክክል ሆኖ ስላገኘው የባሰ ተናደደ። "እኛስ አባባ?" ቢላቸው "እኛማ እናልበዋለን፤ እሷ ማላብ አትችልም" አሉት። በነገራችን ላይ ከእሳቸው ጋር ሲጓዙ መዓቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። መርፌዋ ሰላም ስትሆን "ልጄ" ይሉታል፤ ፈቀቅ ስትል "አስተማሪው" ይሆናል።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ የሆነውን ስሙ።

የመምህሩ ባለቤት ስድስት ዓመት በማታ ትምህርት ስትደክም ቆይታ በነርስነት ልትመረቅ ነው። ምረቃው ረጅሙን ዳገት ወጥቶ በሚገኘው ከተማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እሷ ለልምምድ ከሁለት ቀን በፊት ሄዳለች። አምና የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብላ ስትሸለም ባሏ ፈተና እያረምኩ ነው ብሎ ቀርቶባት ነበር። ነገሩን አንስታበት አታውቅም፤ አለመርሳቷን ግን እሱ ያውቃል። ዘንድሮ ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ አለችው።

"ስሜ ሲጠራ ቀና ብዬ የማየው ሰው እፈልጋለሁ።"

እሱም ከሞትኩ ብቻ ነው የምቀረው ብሎ ማለ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሡ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃልና የሚበቃ ጊዜ ነበራቸው። አባባ በሕይወቱ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ አውልቆ እንደማያውቅ ሰው አንገታቸውን ቆልፈው ከፊት ተቀመጡ። ከኋላ አራት ጀሪካን ውሃ ስለጫኑ ለተመራቂዋ የተገዛው አበባ ቦታ አጥቶ እማማ ጭን ላይ ሆነ። ገና ከከተማው ሳይወጡ "ዳር ያዝ" አሉ፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ማለቱን ለማየት። ሁለተኛ ጊዜ ያቆሙት ከፊታቸው ያለው የጭነት መኪና ትኩስ አየር ስለሚለቅባት እስኪርቅ ለመጠበቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ምክንያትም አልሰጡ፤ ዛፍ አይተው ነው። በቆሙ ቁጥር ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ክልክል ነው፤ ቆማም ትንሽ መሥራት፣ መተንፈስ አለባት። መምህሩ በየዛፉ ሥር ሰዓቱን እያየ፣ መኪናዋ ስትተነፍስ እሱ ትንፋሽ አጠረው።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። "በል ልጄ፣ ክፈታት" አሉ አባባ፤ ማሞቂያው ተከፈተ። ለምረቃው የተገዛው ሸሚዝ ከመምህሩ ጀርባ ጋር ተጣበቀ። እማማ ፎጣ በውሃ ነክረው አናታቸው ላይ ጣሉ፤ አበባው አንገቱን ደፋ። አባባ ግን ያዘዙት ሙቀት ራሳቸውን ጣላቸው፤ አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ጭንቅላታቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ አረፈ፣ ማንኮራፋት ጀመሩ።

መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ እማማን አያቸው። እማማ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ማሞቂያውን ዘጋ፣ መስኮቶቹን ዘጋ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ያን ቀዝቃዛ አየር ለመግለጽ ቃል የለም፤ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። ነፃነት ደግሞ ቶሎ ያጠግባል። መምህሩ የባከነውን ጊዜ ላካክስ ብሎ ረገጣት። አንዱን የጭነት መኪና ቀደመ፣ ሁለተኛውን ቀደመ። ሰዓቱን እያየ መርፌዋን ረሳ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያዩለት ኖረው፣ ራሱ ሊያያት ይገባው በነበረባት በዚያች ሩብ ሰዓት አላያትም።

መጀመሪያ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። መርፌዋ ቀዩን አልፋ ማቆሚያዋ ላይ ተጣብቃለች። አባባ ነቁ፤ መርፌዋን አዩ፣ የማቀዝቀዣውን ማብሪያ አዩ፣ አማቻቸውን አዩ። መምህሩ ስድቡን ጠበቀ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዳር ያዝ። አሁን አጥፋት" ብቻ አሉ።

መምህሩ እየዘለለ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንድ ጀሪካን ጎተተ፣ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ጨበጠ። ሊያዞረው ሲል የአባባ እጅ አንጓውን ያዘው። የጡረተኛ እጅ አይመስልም ነበር።

"ልቀቀኝ አባባ፣ ጊዜ የለኝም" አለ፤ አንቱታውም ጠፋው።

አባባ አልለቀቁትም። በሌላው እጃቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ከአንጓቸው ጀምሮ ሙሉ ክንዳቸው የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ መምህሩ አይቶት አያውቅም።

"እኔም ጊዜ አልነበረኝም" አሉ። "ይቺ ልጅ የተወለደች ቀን ነው። እናቷን ምጥ ያዛት ብለው ላኩብኝ፤ አውቶቡሷን በዳገት ረግጬ ገደልኳት፣ ፈላች፣ ክዳኑን ከፈትኩት። ውሃው ታምቆ ስለነበር ፈነዳብኝ። ሆስፒታል ተኝቼ በሰባተኛው ቀን ነው ልጄን ያየኋት። በአንድ እጄ ነው ያቀፍኳት።"

እጅጌያቸውን መልሰው ቆለፉ። "አርባ ደቂቃ እንቀመጣለን። የእሷ ስም መጨረሻ አካባቢ ነው የሚጠራው፤ ዝርዝሩን አይቼዋለሁ።"

እንደዚያ ያለ ረጅም አርባ ደቂቃ ኖሮ አያውቅም። መምህሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በዚህች ሰዓት አዳራሹ እየሞላ እንደሆነ፣ ሦስት ባዶ ወንበሮችን እያየች እንደሆነ አሰበ፤ እንባው መጣ። ስልኩን ደጋግሞ ሞከረ፤ መስመር የለም። አባባ በየመሃሉ ተነሥተው ኮፈኑ ጎን እጃቸውን ያስጠጋሉ፣ ገና ነው ብለው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ትንሽ በትንሽ እያላሉ ከፈቱት። መኪናዋን አስነሥቶ በቀስታ እንድትሠራ አስደረጉትና ውሃውን በቀጭኑ ጨመሩላት፤ አንዴ ከገለበጡባት የጋለው ብረት ይሰነጠቃል። ሁለት ጀሪካን ሙሉ ጠጣች።

"ማሞቂያ" አሉ ሲገቡ። መምህሩ ትእዛዙ ሳይጠናቀቅ ከፍቶታል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተው፣ ማንንም ሳይቀድሙ ወጡ። የጭነት መኪናዎች እንኳ አንድ በአንድ እያለፏቸው ጥሩንባ ነፉላቸው። እማማ ከኋላ ሆነው "መሃል ናት፣ መሃል ናት" እያሉ መርፌዋን ያነቡ ነበር።

አዳራሹ በር ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ነው። በላብ የራሱ፣ አበባቸው የጠወለገ ሦስት ሰዎች ሲገቡ አስተናጋጇ አካባቢውን እንዲለቁ ልትነግራቸው ነበር። ስሟ የተጠራው በዚያው ቅጽበት ነው። መምህሩ በሩ ላይ እንደቆመ በሁለት እጁ ማጨብጨብ ያዘ። መድረኩ ላይ የወጣችው ሴት ቀና ብላ ወንበሮቹን አየች፣ ባዶ ናቸው፤ ቀጥሎ ጭብጨባውን ሰምታ ወደ በሩ ዞረች።

ከምረቃው በኋላ ግቢው ውስጥ አቅፋቸው አለቀሰችና እንባዋን ጠርጋ ወደ ቁጣዋ ገባች። ስምንት ሰዓት ሲሞላ የት ነበራችሁ? ሦስቱም ወንበር ባዶ፣ ስልካችሁ ዝግ፣ የሞታችሁ መስሎኝ መሐላችንን እንኳ አብሬ መማል አቅቶኛል። መምህሩ አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር፣ የሚመጣውንም ሊቀበል ቆርጦ ነበር። አባባ ይህን ታሪክ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በየድግሱ እንደሚያወሩበትም አምኖ ተቀብሎ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ። "በየዛፉ ሥር አስቆምኩት። ልጁ እንሂድ እያለ እየለመነኝ ነበር።"

ልጃቸው ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረችም። ይሄ ነው የሚያበሳጨው፤ ስድስት ዓመት ያጠራቀሙት መጥፎ ስም ለዚያች ደቂቃ የተዘጋጀ ይመስል አመነቻቸው። ምሳው እስኪያልቅ ተቆጣቻቸው። ለመርፌ የሚያስቡትን ግማሽ ለእኔ ቢያስቡ አለች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው "ልክ ነሽ" ይላሉ። እማማ ሊናገሩ ሲሉ ባላቸው አንዴ ስላዩአቸው ቃሉን ከጉርሻው ጋር ዋጡት። መምህሩ ጠረጴዛው ሥር የአባባን ክንድ ያዘ፤ ጠባሳውን በሸሚዙ ላይ ዳበሰው። እሳቸው ሾርባ እየጠጡ እንዳላወቀ ሰው ሆኑ።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሆነው ተመለሱ። ከከተማው እንደወጡ መምህሩ ማንም ሳያዘው እጁን ሰዶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፈተው። ሚስቱ ከኋላ ወንበር "አንተም ጀመረህ?" አለች።

"ዝጋው ልጄ" አሉ አባባ። "አሁን ቁልቁለት ነው። በቁልቁለት የሚጠበቀው ፍሬን ነው። ሲግል ጎማ የተቃጠለ ይሸታል። መስኮቱን ክፈትና አሽትት።"

መምህሩ በልቡ አማረረ። ማሞቂያውን ዘጋ፣ መስኮቱን ከፈተ፤ በግራ እሱ፣ በቀኝ አማቱ፣ አንገታቸውን ወደ ውጭ አውጥተው እያሸተቱ ቁልቁል ወረዱ።