ጎደሬ ሻጩ ዳይሬክተር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። እስቲ ንገሩኝ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ምን ይበላል? ጠመኔ? ሰው ቢሮዬ ሲገባ ዓይኑ መሳቢያዬ ላይ ነው። መሳቢያው ውስጥ ያለው የመጸዳጃ ቤት ቁልፍና ከተማሪ የተቀማ ኳስ ነው።

የኔ ጭንቀት የገበያ ቀን ነው። ትምህርት ቤታችን በዴሳ ከተማ አጠገብ ስለሆነ፣ ገበያ ሲቆም ግማሹ ተማሪ በቆሎና ፍየል ተከትሎ ይወርዳል። ከሁሉ የምታሳስበኝ ማርታ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ፈተናው ደርሷል፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የሚበዛው በገበያ ቀን ነው። ብትወድቅ ጎደሬ ሻጭ ሆና መቅረቷ ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከእንግዲህ በገበያ ቀን አንድም ተማሪ አይቀርም አልኩ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አይደል? ይህን ተረት ወላጅ የፈጠረው አይመስለኝም፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

ገበያ ወረድኩ። ማርታ ከጎደሬው፣ እኛ አገር ቦይና ከምንለው፣ ክምር ኋላ ተቀምጣለች። እናቷ ከወዲያኛው ጫፍ ቅቤ ትሸጣለች። እናቷን አስጠርቼ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ሁሉ አወረድኩላት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«ልክ ነህ ጋሼ ዳይሬክተር። ግን ቅቤ እዚያ፣ ጎደሬ እዚህ። እኔ አንድ ሰው ነኝ። ልጁን ውሰደው፤ አንተ ተቀመጥ» አለችኝ።

ማርታን እንደ ወንድ «ውሰደው» ስትለኝ እርማት የምሰጥበት ሰዓት አልነበረም። ልጅቷን ወደ ሒሳቧ ሰደድኳትና ከረባቴን እንዳሰርኩ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፣ አልዋሽም። ዲግሪዬ በትምህርት አመራር ነው፤ ገዢው ግን «ጭቃውን አራግፍልኝ» ነው የሚለኝ። በሚቀጥለው ገበያም ወረድኩ፤ በሚቀጥለውም። እስክትፈተን አልነሳም ብያለሁ፣ አልነሳም።

ሌሎቹ ወላጆች ዳይሬክተር ጎደሬ ሲመዝን አይተው አፈሩ መሰለኝ፣ ልጆቻቸውን እየመለሱ ላኩ። አንድ የገበያ ቀን የወረዳው ሱፐርቫይዘር ለጉብኝት ቢመጣ ክፍሉ ሁሉ ሞልቷል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በሞተር ገበያ ድረስ ወርዶ፣ ከሥራ ገበታ መቅረት እንደሚያስቀጣ አስጠነቀቀኝ። እኔም ከሥራ ገበታዬ ሳልነሳ አዳመጥኩት። ሲሄድ ጎደሬ ገዛኝ፤ ያውም ተከራክሮ።

ውጤት መጣ። ማርታ አለፈች። ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ደስታም ያስለቅሳል ለካ። እናቷ ልታመሰግነኝ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችኝ። ምርቃቱ ሲያልቅ ከኋላዋ የቆመችውን የማርታን ታናሽ እህት ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት።

«ይሄ ደግሞ ስምንተኛ ገብቷል ጋሼ። ቦታህን ለሰው አልሰጠሁም» አለችኝ።

ማርታ ወደ ዘጠነኛ አለፈች። እኔ ጎደሬው ላይ ደገምኩ።